በመቁረጫ ነጥቡ ግራና ቀኝ

ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ የምርምር ዘዴ ልነግራችሁ ነው። ከዘዴው በፊት ግን ሁለት ሴቶችን አስቡልኝ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2008 ነው እንበል። ቦታው በደቡብ አፍሪካ፣ በክዋዙሉ ናታል፣ ህላቢሳ በሚባል የገጠር ወረዳ የሚገኝ ክሊኒክ ነው። ሁለቱም ኤችአይቪ በደማቸው እንዳለ በቅርቡ አውቀዋል፤ ደም ሰጥተው ውጤት ለመስማት አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የአንደኛዋ ሲዲ ፎር፣ ማለትም በደሟ ያለው የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ቁጥር፣ 198 ሆነ፤ የሁለተኛዋ 203። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ መመሪያ መድኃኒት የሚጀመረው ሲዲ ፎር ከ200 ሲያንስ ነው ይል ነበር። የመጀመሪያዋ መድኃኒት ልትጀምር ተመዘገበች። ሁለተኛዋ «አንቺ ገና ደህና ነሽ፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ትለኪያለሽ» ተብላ ወደ ቤቷ ተሸኘች።

ሴቶቹን ለምሳሌ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። መመሪያው ግን እውነተኛ ነበር፤ አግዳሚውም እንዲሁ። በአገራችንም ነጻው የዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት «ሲዲ ፎርህ ስንት ሆነ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ በሹክሹክታ ይጠየቅ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። 200 የምትለው ቁጥር የሰውን ዕጣ ፈንታ የምትወስን ቁጥር ነበረች። ከ200 በታች በወረደና ባልወረደ ደም መካከል ተፈጥሮ ያሰመረችው ድንበር የለም። ድንበሩን ያሰመሩት ሰዎች ናቸው፤ ያሰመሩትም መድኃኒቱ ውድ፣ ሐኪሙ ጥቂት፣ ተራ ጠባቂው ብዙ ስለነበረ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። 203 የሆነችዋ ሴት ያን ዕለት መድኃኒት ብትጀምር ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ይህን ማወቅ የጤና ኢኮኖሚክስ እምብርት ነው፤ ምክንያቱም አንድ መንግሥት መስመሩን ከ200 ወደ 350 ከፍ ላድርግ ቢል የሚያወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሚተርፈው ሰው ቁጥር ግን አይታወቅም።

ቀላሉ መንገድ መድኃኒት የሚወስዱትንና የማይወስዱትን አሰልፎ ከየትኛው ወገን ብዙ ሰው እንደሞተ መቁጠር ይመስላል። ይህ መንገድ ያሳስታል። በዚያ ዘመን መድኃኒት የሚሰጠው በጣም ለታመመ ነበርና ከሚወስዱት መካከል ብዙ ሰው ቢሞት አይገርምም። ሆስፒታል የተኛ ሰው ቤቱ ካለው ሰው ይልቅ ለሞት ይቀርባል፤ ይህን አይቶ «ሆስፒታል ይገድላል» የሚል ግን የለም። በሌላ በኩል መድኃኒቱን ተከታትሎ የሚወስደው ሰው ቀድሞውንም ጠንቃቃ፣ ደጋፊ ቤተሰብ ያለው፣ ለክሊኒኩ ቅርብ የሆነ ሊሆን ይችላል። ያኔ ደግሞ መድኃኒቱ ከሠራው በላይ የሠራ ይመስላል። አንዱ ስሕተት ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ይጎትታል፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ትክክለኛው መልስ የሚገኘው በዕጣ ነው። ሕሙማኑን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን መስጠት፣ ሌላውን ማቆየት። ነገር ግን መድኃኒቱ ሕይወት እንደሚያተርፍ እየታወቀ ዕጣ የሚያወጣ ሐኪም ከየት ይመጣል? ቢመጣስ ማን ይፈቅድለታል?

አሁን ወደ አግዳሚው እንመለስ። 198 እና 203። የሲዲ ፎር ቁጥር እንደ ቁመት የረጋ ነገር አይደለም፤ በአንድ ሰው ደም ውስጥ እንኳ ጠዋትና ማታ ይለያያል፤ ከአንዱ ናሙና እስከ ሌላው፣ ከአንዱ ማሽን እስከ ሌላው ወደ ላይም ወደ ታችም ይላል። ሴቶቹ በማግስቱ ቢለኩ ቁጥራቸው ሊገላበጥ ይችል ነበር። እንግዲህ በሕመማቸውም፣ በኑሯቸውም፣ በጥንቃቄያቸውም በአማካይ የማይለያዩ ሰዎች ናቸው በመስመሩ ግራና ቀኝ የተመደቡት። ማንም ሳያስበው ዕጣው ወጥቷል፤ የወጣውም በብልቃጡ ውስጥ ነው።

የዚህን ሐሳብ እውነትነት ለማመን ትምህርት አያሻም። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ የመቁረጫ ነጥቡን በአንድ ነጥብ ያለፈችና በአንድ ነጥብ ያነሰች ልጅ በጭንቅላት እንደማይበላለጡ ልጁን ያስፈተነ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ዘዴው የተወለደውም ከዚያው ከትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዶናልድ ቲስልትዌይት እና ዶናልድ ካምቤል የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን የምስክር ወረቀትና ሕዝባዊ አድናቆት ለአንድ ተማሪ ምን ይጨምርለታል ብለው ጠየቁ፤ በአንድ የስኮላርሺፕ ፈተና ከመቁረጫው ትንሽ በላይና ትንሽ በታች ያገኙትን ተማሪዎች አወዳደሩ። ከዚያ በኋላ ዘዴው ለአርባ ዓመት ያህል የረባ ተጠቃሚ አላገኘም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢኮኖሚስቶች እንደገና አነሡት፤ ዛሬ ያለ እርሱ የሚወጣ የጤና ኢኮኖሚክስ መጽሔት ማግኘት ይከብዳል። ባለሙያዎች ሪግሬሽን ዲስኮንቲኒዩቲ ይሉታል። እኔ ዛሬ የመቁረጫ ነጥብ ዘዴ እለዋለሁ።

ሥዕሉን በቃል ልሣልላችሁ። በወረቀት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዲ ፎርን፣ ከታች ወደ ላይ የሟቾችን ድርሻ አስቀምጡ። ሲዲ ፎር ከፍ ባለ ቁጥር ሰው ይበልጥ ጤነኛ ነውና ነጥቦቹ ቁልቁለት ይሠራሉ። መድኃኒቱ ምንም ባይጠቅም ቁልቁለቱ 200 ላይ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከጠቀመ ግን እዚያች ቦታ ላይ ድንገት እርከን ይታያል። ቁልቁለቱ የበሽታው ነው፤ እርከኑ የመድኃኒቱ ነው። የባለሙያው ሥራ የእርከኑን ቁመት መለካት ነው። ይህንንም ሲሠራ ከመስመሩ ርቆ የሚገኘውን ሰው አይደባልቅም፤ 20 የሆነውንና 600 የሆነውን ትቶ በ200 ዙሪያ ያሉትን ብቻ ይይዛል። ምን ያህል ቅርብ የሚለው ራሱ ብዙ ክርክር ያለበት ነው፤ ጠባብ መስኮት ሰው ያንሰዋል፣ ሰፊ መስኮት የማይመሳሰሉትን ያስገባል።

ጄከብ ቦር፣ ቲል ቤርኒግሃውዘን እና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በህላቢሳ አደረጉት። እዚያ አንድ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ ይመዘግብ ስለነበር ክሊኒክ የቀረም ሰው ከዓይን አይሰወርም ነበር። ከ2007 እስከ 2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዲ ፎር የተለኩ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታተሉ። በ2014 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፤ የመጀመሪያ ልኬታቸው ከ200 በጥቂቱ ያነሰ ሰዎች ከ200 በጥቂቱ ከበለጡት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ35 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ገና ደህና ነሽ» የተባሉት ናቸው ይበልጥ የሞቱት። በወረቀቱ መሠረት የተሻለ ጤና የነበራቸው እነርሱ ናቸው፤ የተሻለ ቁጥራቸው ከመድኃኒቱ አራቃቸው። እኔ ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነብ ከዘዴው ብልኃት ይልቅ ያሰብኩት ያችን 203 የሆነች ሴት ነው። በዚያ ሥዕል ላይ ያለው እርከን የተሠራው ከእንደርሷ ዓይነት ሰዎች ሞት ነው። ዘዴውን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ይህን አይጽፉትም፤ እኔ ግን ሳልለው ማለፍ አልችልም።

ለምን ሞቱ ለሚለውም ቆየት ብሎ የመጣ ጥናት ፍንጭ ሰጠ። ደቡብ አፍሪካ መስመሩን ወደ 350 ካሳደገች በኋላ ያው ቡድን በአዲሱ መስመር ዙሪያ ያሉትን ተመለከተ። ከ350 በጥቂቱ ያነሱት ከዓመት በኋላም ክትትላቸውን ያላቋረጡ የመሆን ዕድላቸው ከ350 በጥቂቱ ከበለጡት በ18 በመቶ ነጥብ ከፍ ይል ነበር። «ተመልሰሽ ነይ» የተባለ ሰው አይመለስም፤ ሥራ አለበት፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደግሞም ደህና ነህ ተብሏል። ሰውን ከክሊኒኩ ጋር የሚያስተሳስረው ቀጠሮ ብቻ እንዳልሆነ፣ በእጁ ይዞት የሚሄደው መድኃኒት እንደሆነ ያን ጊዜ በቁጥር ታየ።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ ቁጥሩ እንደተለካ መጻፉ። ምሰሶው ሲነቃነቅ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ አሜሪካ የሕፃናት ማቆያ ክፍሎች እንሂድ።

ሐኪሞች ከ1,500 ግራም በታች የተወለደን ሕፃን «በጣም ዝቅተኛ ክብደት ያለው» ብለው ይመድቡታል፤ ያ ስያሜም ተጨማሪ ክትትልና ሕክምና ያስከትላል። 1,490 ግራም የሆነውና 1,510 ግራም የሆነው በተፈጥሮ ልዩነት የላቸውም፤ ልዩነታቸው ጥቂት የሻይ ማንኪያ ወተት ያህል ነው። ዳግላስ አልመንድና ሦስት ባልደረቦቹ በ2010 እንዳሳተሙት ከመስመሩ ትንሽ በላይ ከሆኑ 100 ሕፃናት ከ5 እስከ 6 የሚሆኑት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ ከመስመሩ ትንሽ በታች በሆኑት ላይ ግን ይህ ቁጥር አንድ በሚጠጋ ይቀንሳል። ለእያንዳንዱ ሕፃን የሚወጣው ወጪ ደግሞ በ4 ሺህ ዶላር ገደማ ይጨምራል። ሁለቱን አካፍለው አንድ ተጨማሪ ሕይወት ለማትረፍ 550 ሺህ ዶላር ገደማ እንደሚወጣ አሰሉ። ሕይወትን በዶላር ማካፈል ጆሮ ይከብዳል። ነገር ግን ያ ገንዘብ ለሌላ ሕፃን ቢውል ስንት ሕይወት ያተርፍ እንደነበር ሳያውቁ በጀት መደልደል ይበልጥ ይከብዳል፤ በጨለማ መደልደል ነውና።

ጥናቱ ብዙ ተወደሰ። በዓመቱ፣ በ2011፣ አለን ባሬካና ባልደረቦቹ ያንኑ መረጃ ወስደው ሌላ ነገር አሳዩ። በመዝገቡ ላይ ልክ 1,500 ግራም ተብለው የተጻፉት ሕፃናት ቁጥር ከጎረቤቶቹ ክብደቶች ሁሉ እጅግ በዝቶ ተከምሮ ነበር። ሚዛን እንዲህ አያደርግም፤ የሚያደርገው የሰው እጅ ነው። 1,487 ወይም 1,512 ያየው ሰው ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ 1,500 ይጽፋል። በአገራችን ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ቆጠራ ሲደረግ ዕድሜያቸው 30፣ 40፣ 50 የሆኑ ሰዎች 39 እና 41 ከሆኑት እጅግ በዝተው ይገኛሉ። ያሳሰበው ግን መጠጋጋቱ ብቻ አልነበረም። ልክ በ1,500 የተከመሩት ሕፃናት ሞት ከግራቸውም ከቀኛቸውም ካሉት ይልቅ ከፍ ያለ ነበር። አጠጋግቶ የሚጽፍ ቦታ በሌላ ነገርም የጎደለው ሊሆን ይችላል፤ እናቶቹም ድሆች ሊሆኑ ይችላሉ። 1,500 ደግሞ «ከመስመሩ በላይ» ከሚባለው ወገን ነው። ስለዚህ ያ ክምር ብቻውን እርከኑን ከፍ አድርጎት ነበር። ባሬካና ባልደረቦቹ በመስመሩ ላይ ያሉትን አውጥተው፣ መሐሉ እንደተበሳ ዳቦ አድርገው ቢያሰሉ፣ ውጤቱ በጣም አነሰ። የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች መልስ ሰጡ፤ ክርክሩ ቀጠለ።

ለእኔ ይህ ክርክር ከሁለቱም ጽሑፎች ይልቅ ያስተማረኝ ነው። የመቁረጫ ነጥብ ዘዴን የሚጠቀም ሰው ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባው ነገር እርከኑ አይደለም፤ በመስመሩ ዙሪያ ሰዎቹ እንዴት እንደቆሙ ነው። ከመስመሩ አንድ ወገን ሰው ተጋፍቶ ሌላው ወገን ባዶ ከሆነ፣ አንድ እጅ ቁጥሩን ነክቶታል። ጀስቲን ማክረሪ በ2008 ለዚሁ መመርመሪያ የሚሆን ስሌት አውጥቷል፤ ነገር ግን ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ደርድሮ በዓይን ማየት እንኳ ግማሹን ይነግራል። ሁለተኛው ጥያቄ በዚያው መስመር ላይ ሌላ የሚለወጥ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። በአሜሪካ 65 ዓመት ሲሞላ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ይጀምራል፤ ነገር ግን በዚያው ዕድሜ አካባቢ ብዙ ሰው ጡረታ ይወጣል፣ ቤት ይውላል፣ አኗኗሩ ይለወጣል። የሞት ቁጥር ቢቀንስ የመድኑ ነው የዕረፍቱ? ደግሞም መድን ሲያገኝ ብቻ ወደ ሆስፒታል የሚመጣ ሰው አለና፣ ዴቪድ ካርድና ባልደረቦቹ ሕመማቸው ቀን የማይመርጥ፣ በሥራ ቀንም በእሑድም እኩል ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ሕሙማንን ብቻ ያዙ። እንዲህ ያለው ሰው መድን ኖረውም አልኖረውም ይመጣልና። 65 ካለፉት መካከል በሳምንት ውስጥ የሚሞቱት ከ100 ሰው አንድ በሚጠጋ ቀነሱ።

የዘዴው ኃይል በቅርቡ የታየበት ቦታ ዌልስ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ለአረጋውያን መሰጠት ተጀመረ። ደንቡ በዚያ ዕለት 80 ዓመት የሞላቸውን ለዘለዓለም አስቀረ፤ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 እና ከዚያ በኋላ የተወለዱት ግን ተፈቀደላቸው። በአንድ ሳምንት ልዩነት የተወለዱ ጎረቤታሞች፣ አንዱ መከተብ ይችላል፣ ሌላው ፈጽሞ አይችልም። ፓስካል ጌልድሴትዘር እና ባልደረቦቹ ከ280 ሺህ በላይ የሚሆኑ አረጋውያንን መዝገብ ይዘው መረመሩ። የልደት ቀን በክሊኒክ ውስጥ ማንም አያጠጋጋውም፤ ይህ ነው የዚህ ጥናት ጥንካሬ። በ2025 እንደታተመው በሰባት ዓመት ክትትል ውስጥ ክትባቱ አዲስ የመርሳት በሽታ የመያዝን ዕድል በ3.5 በመቶ ነጥብ፣ ማለትም በአምስት አንድ እጅ ገደማ ቀነሰ፤ ጥቅሙም በሴቶች ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ክትባቱን ያመጡት ሰዎች የመርሳት በሽታን አላሰቡትም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የስሌት ነገር ልጨምር። በዌልስ በመስመሩ አጠገብ ከተፈቀደላቸው መካከል የተከተቡት ግማሽ የማይሞሉ፣ 47 በመቶ ገደማ ናቸው። ስለዚህ በመስመሩ ላይ የሚታየው እርከን የተከተቡትንም ያልተከተቡትንም ቀላቅሎ የያዘ ነው። መፍቻው ቀላል ነው፤ በመፈቀዱ ምክንያት ከ100 ሰው 50 ተከትቦ ከ100 ሰው 2 ከሕመም ከዳነ፣ ያ ጥቅም የ50ዎቹ ነውና በተከተቡት ዘንድ ከ100 ሰው 4 ይሆናል። በህላቢሳም እንዲሁ ነው፤ ከ200 በታች የሆነ ሁሉ መድኃኒት አልጀመረም፣ ከ200 በላይ የሆነም ሌላ ምክንያት ተገኝቶለት የጀመረ አለ።

ዘዴው የማይመልሰው ጥያቄ ደግሞ አለ። የሚናገረው በመስመሩ አጠገብ ስለቆሙት ብቻ ነው። በ200 የተገኘው እርከን ሲዲ ፎሩ 550 ስለሆነ ሰው ምንም አይነግረንም፤ እርሱ ሌላ አካል፣ ሌላ ሕመም ነው። ያን ለማወቅ ዕጣ ማውጣት ግድ ሆነ። በ35 አገሮች 4,685 ሰዎች የተካፈሉበት ስታርት የተባለው ሙከራ ሲዲ ፎራቸው ከ500 በላይ የሆኑትን ይዞ፣ ወዲያው መጀመር ከባድ ሕመምንና ሞትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በ2015 አሳየ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት መስመሩን ጨርሶ አነሣው፤ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ይጀምር አለ። ዛሬ 203 የምትሆን ሴት ያለ መድኃኒት አትሸኝም።

ሌሎች መስመሮች ግን አሉን፤ አንዱ በየጤና ኬላው በየቀኑ ይሰመራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን የክንድ ዙሪያ በሜትር ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ነው፣ ፕላምፒ ነት የተባለው ገንቢ ምግብ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ነው። ይህ መስመር ለልጆቻችን ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ወይ? 11.6 የሆነው ልጅ ከወር በኋላ ምን ሆነ? ይህን ለማወቅ አዲስ ገንዘብ፣ አዲስ ዕጣ አያስፈልግም፤ መዝገቡ ይበቃ ነበር። ነገር ግን እኔ ካየኋቸው መዝገቦች በአንዳንዶቹ የተጻፈው ቀለሙ ብቻ ነው። ቁጥሩ ተለክቷል፤ ቀለሙ እንደታወቀ ግን ተረስቷል። በሌሎቹ ደግሞ ቁጥሩ አለ፤ 11.4 የሆኑት ግን ከልክ በላይ ብዙ ናቸው፣ 11.5 እና 11.6 የሆኑት ጥቂት ናቸው። 11.6ን 11.4 ብላ የምትጽፍ ሴት የከሳ ልጅና የምታለቅስ እናት ፊቷ ቆመው ነው የምታደርገው፤ ልወቅሳት አልችልም፤ በቦታዋ ብሆን እኔም አደርገው ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑራት። በአንደኛው ሜትሩ ያሳየውን ትጻፍ፣ 11.6። በሁለተኛው እርሷ የወሰነችውን ትጻፍ፣ ይሰጠው። ለመወሰኗ ማንም አይጠይቃት። ልጁ ፕላምፒ ነቱን ይዞ ይሄዳል፤ 11.6ም እንደተለካ ተጽፎ ይቀራል።